ነጩና ጥቁሩ ድንጋይ የሚነካኩበት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሰላ ባለው የወላጆቼ ቤት፣ የሟቹን የአባቴን መሳቢያ ስንከፍት አውራ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ድንጋይ ተገኘ። ስድስት ጎን አለው። መዳፌ ላይ ሳደርገው ቀዘቀዘኝ፤ ያ የክረምት ከሰዓት በኋላ መጣብኝ።

ድንጋዩን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ሻኪሶ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ኤመራልድ የሚባለውን አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ፍለጋ ይቆፍር ነበር። ያን ቀን ለእናታችን ቃል ገባላት። "ይሄ ኤመራልድ ካልሆነ ወደ ሻኪሶ አልመለስም። ሳጉሬ ገብቼ ከአጎቴ ጋር እህል እነግዳለሁ።"

"አሰላ ድንጋይ ጠፍቶ ነው ጉጂ ድረስ የሚኬደው?" አለች እናቴ። ሁላችንም ሳቅን።

አባቴ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ኮታቸው ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደቡን ሲተው ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት።

"ቤሪል ነው" አሉ።

"ኤመራልድም እኮ ቤሪል ነው ይላሉ፣ አባዬ" አለ ወንድሜ።

"ነው። ቤሪሊየም፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊኮን፣ ኦክስጅን፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ኤመራልድን ግን የሚያቀልመው ክሮሚየም ነው። ይሄ ፈዛዛ ነው፤ ያቀለመው ብረት ይመስለኛል።"

እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። "በቃ፣ ሰኞ ሳጉሬ ነህ።"

ወንድሜ ድንጋዩን አገላበጠ። ከዚያ፣ "ክሮሚየሙስ ከየት ነው የሚመጣው?" አለ።

አባቴ ትምህርት ቤት አስተምረውታል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር እንጂ ጠይቋቸው አያውቅም። ፊታቸው በራ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉት።

ጣታቸውን በውሃ ነክረው ጠረጴዛው ላይ መስመር አስምረው አስረዱት። ቤሪሊየሙን ይዞ የሚመጣው ፔግማታይት የሚባለው ነጭ ድንጋይ ነው። ክሮሚየሙ ያለው ደግሞ ነጩ ሰንጥቆት በሚገባው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነው።

"የሚነካኩበት ቦታስ?"

"እዚያማ ኤመራልድ ሊኖር ይችላል።"

"እኛ እኮ ጥቁሩ ጋ ስንደርስ ትተን ነው የምንወጣው!" ወንድሜ ብድግ አለ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። "እኔ ልጄን ሳስቀር እርስዎ መንገድ ያሳዩታል?"

አባቴ እጅጌያቸውን ስበው መስመሩን ጠረጉት። ሰኞ ጠዋት ወንድሜ የተሳፈረበት ሚኒባስ ሳጉሬን አልፎ ሄደ።

በቀጣዩ ክረምት የወንድሜ ስልክ ተዘጋ። ሻኪሶ ሄጄ ሰው ጠየቅሁ። ጓደኞቹ የተናደውን ጉድጓድ አሳዩኝ፤ የተናደው ጥቁሩ ድንጋይ በሚጀምርበት በኩል ነው። ወንድሜ ውስጥ ነበር የሚል የዓይን ምስክር አላገኘሁም፤ ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚልም የለም።

ቤት ያከራዩት ሴት፣ ወንድሜ ጉድጓዱ በተናደበት ዕለት ጠዋት ፎጣውን አጥቦ፣ ገመድ ላይ አስጥቶ እንደወጣ ነገሩኝ። ፎጣውን አጣጥፈው ሰጡኝ።