በየትኛው ጁምዓ?

ከአማን ወደ ሳልት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጥድ ዛፎች መሐል አንድ ቢጫ የድንጋይ ቤት አለ። ዛሬም በአውቶቡስ ሳልፍ አንገቴን አዙሬ አየዋለሁ። የሚታየው ከተዘጉ መስኮቶችና በረንዳው ላይ ከተሰጣ ምንጣፍ በቀር ምንም አይደለም፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምን አየሽ ቢለኝ የምመልስለት የለኝም። እኔ ግን በዚያ ቤት አንድ ሳምንት ተማሪ ብቻ ሆኜ ኖሬያለሁ። ከዚያ በፊት በዚህ አገር ተማሪ ብቻ የሆንኩበት ቀን አልነበረኝም።

ትምህርት የጀመርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። አማን ውስጥ ኡም ሱማቅ በሚባል ሰፈር በአንድ ቤት ለዓመታት ሠርቼ ወጣሁ፤ ማርካ ሰፈር ክፍል ተከራይቼ በሰዓት ቤት ማጽዳት ያዝኩ፤ ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት ደግሞ ስደተኞችና ሠራተኞች የሚማሩበት አንድ ማዕከል ገባሁ። አረብኛ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብ፣ ትንሽ እንግሊዝኛ። ከክፍሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ። ስርዝ ድልዝ አልወድም፤ አንዲት ፊደል ከተበላሸችብኝ ገጹን ገንጥዬ እንደ አዲስ እጽፋለሁ። በዚህ ምክንያት አንዲት ሱዳናዊት የክፍል ጓደኛዬ «ያ ኡስታዛ» ትለኝ ነበር፤ መምህሯ ማለቷ ነው፣ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ።

በዚያ በጋ ማዕከሉ ከእኛ መካከል የተወሰንነውን ለወጣቶች የሥነ ዜጋ ካምፕ ላከን። ከየመንም፣ ከሶርያም፣ ከኢራቅም የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ዮርዳኖሳውያን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም አብረውን ነበሩ። በመጀመሪያው ጠዋት አሠልጣኙ ስለ ዜጋ መብትና ግዴታ ማስረዳት ሲጀምር ሱዳናዊቷ እጇን አወጣችና የየትኛው አገር ዜጋ ለመሆን ነው የምንማረው ስትል ጠየቀችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙ ራሱን ከሳቅ መለስ አድርጎ፣ ለጊዜው የዚህ ቤት ዜጎች እንደሆንን ነገረን። እኛም የምር ያዝነው። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ማን ይውሰድ በሚለው ላይ ምርጫ አካሄድን፤ ሱዳናዊቷ ተመረጠች፤ ክፍላችን ውስጥ ያለችው የመናዊት ውጤቱን አልቀበልም ብላ አቤቱታ አቀረበች።

ከእኔ ጋር አንዲት የአገሬ ልጅ ነበረች። ከወሎ፣ ከእኛው ቀበሌ። እኔን እታለም ትለኛለች። ኡም ሱማቅ በሰው ቤት ታድራለች፣ ታገለግላለች። ማዳሟ ከነቤተሰቧ ለዑምራ ወደ መካ ስትሄድ፣ አሮጊት አማቷን ሐጃን ሳልት ላለች ልጃቸው ሰጠች፤ ልጅቷን ግን ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ማስቀረት አልፈለገችም። ስለዚህ እኔ ዘንድ እንድትቆይ ፈቀደች፤ እርግጥ ከመፍቀዷ በፊት ስልክ ደውላ ስለ መኖሪያ ፈቃዴም ስለ ሰላቴም መርምራኛለች። ማዕከሉ ገና ሊመዘገቡ የሚፈልጉትንም ስለሚቀበል ልጅቷ ካምፑ ገባች።

መመዝገብ ነበር የምትፈልገው። ሌላ ነገር አልነበራትም። ማታ ማታ የማዳሟን ልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ስታዘጋጅ መጽሐፎቻቸውን እየገለጠች ሥዕሉን ብቻ እንደምታይ ነግራኛለች። ምዝገባው ካምፑ በተዘጋ በሳምንቱ ያበቃል፤ ካመለጣት እስከሚቀጥለው ዓመት የለም። ለመመዝገብ ደግሞ የጁምዓን ጠዋት ከማዳሟ መጠየቅ ነበረባት። በጁምዓ ጠዋት ማዳም ለምሳው ልትገዛዛ ስትወጣ ሐጃ ጋ የምትቀመጠው እሷ ናት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ምንም ነገር ጠይቃ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን የተማርነው ስለ አቤቱታ ነበር። አሠልጣኙ አንድ ጥያቄ ሦስት ነገር እንዲኖረው አስተማረን፦ ምን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚጠየቅ፣ እስከ መቼ መልስ እንደሚጠበቅ። ቀን የሌለው ጥያቄ ምኞት ነው አለ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየችኝ። ከከሰዓቱ የዓስር ሰላት በኋላ ባለን የዕረፍት ሰዓት ክፍላችን ውስጥ ልምምድ ጀመርን። ማዳም እኔ ሆንኩ።

አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የፀሐይ መነጽር ግንባሬ ላይ ሰቀልኩ፤ ስልኬን ይዤ ዓይኔን ከእሱ ሳላነሳ ምን ትፈልጊያለሽ አልኳት።

«ሃዲር ማማ» አለች። እሺ፣ ታዝዣለሁ ማለት ነው።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሱዳናዊቷ ገና ምንም እንዳልታዘዘች አስታውሳ ከበር አስወጣቻት፤ እንደገና ትግባ። በሁለተኛው ሻይ በትሪ ይዛ ገባች። ባዶ እጇን መግባት አልሆንላት ብሎ ነው። ለሁላችንም ቀዳች፤ ማዳም ጠጣች፣ አመሰገነች፤ ትሪው ተመልሶ ወጣ፣ ጥያቄውም አብሮት ወጣ። በሦስተኛው ግን አስተካክላ ጠየቀችኝ።

እኔም እንደሚገባ መለስኩላት። ምን አጎደልኩብሽ? ከልጆቼ ለይቼሽ አውቃለሁ? ስትመጪ ሳሙና ከሻምፖ የማትለዪ አልነበርሽም? መንገዱ፣ ወንዱ፣ መኪናው፤ አንድ ነገር ብትሆኚ ለእናትሽ ምን ልላት ነው? ቃሉ ከየት እንደሚመጣልኝ እኔም ገረመኝ። ለዓመታት ቆሜ የሰማሁት ሁሉ በውስጤ ተደርድሮ ተቀምጦ ነበር፤ ከነትንፋሹ፣ ከነእጅ አወራወሩ።

«ያቺ ማርካ ያለችው ዘመድሽ ናት አይደል ጭንቅላትሽን ያዞረችው?» አልኳት በመጨረሻ። «ድሮም ፊቷ ደስ አላለኝም።»

ራሴን በራሴ ሰደብኩ። ሱዳናዊቷ አልጋዋ ላይ ተንከባለለች። የልጅቷ ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

«በቃ!» አለች ሱዳናዊቷ ይህን ስታይ፣ ሳቋን ውጣ። «ያ ኡስታዛ፣ አንቺ እህቷ ነሽ ወይስ ማዳሟ?»

እውነተኛዋ ከእኔ የባሰች እንጂ የተሻለች እንደማትሆን፣ እዚህ ብታለቅስ እንደሚሻላት መለስኩላት። እንዲህ ስንጨቃጨቅ፣ ጥግ ያለው አልጋ ላይ ጉልበቷን አቅፋ የተቀመጠችው ዮርዳኖሳዊት ልጅ ከጀመርን አንድ ጊዜም አለመሳቋን አስተዋልኩ።

«ተሳስታችኋል» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ እምቢ አትልም። ቤታችን ያለችውን ሠራተኛ አንድ ቀን እምቢ ስትላት ሰምቼ አላውቅም። ‹ኢንሻላህ፣ እናያለን› ነው የምትላት። ከዚያ በኋላ ነገሩ አይነሳም።»

 ሁላችንም እናውቀው ነበር። ለጦርነት ስንዘጋጅ ከርመን፣ የሚመጣብን ፈገግታ መሆኑን ረስተነዋል። ለቁጣ መልስ ይገኛል፤ ለኢንሻላህ ምን ይባላል? ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ፣ አላህ ከተጠራ በኋላ ምን ልጨምር ነው አለች። የመናዊቷ በየቀኑ እየደጋገመች ትጠይቃት ዘንድ መከረች። ሱዳናዊቷ ጥቂት አሰበችና የጠዋቱን ትምህርት አነሳች፤ የጎደለው ቀኑ ነው።

«አንቺም ኢንሻላህ በያት» አለቻት። «ከዚያ ‹በየትኛው ጁምዓ?› በያት።»

ልጅቷ ብልግና መስሎ ታያት። ዮርዳኖሳዊቷ ግን ሥራዬን በዋዜማው ልጨርስ ብዬ ነው የሚል ቢጨመርበት እንደሚለሰልስ ተናገረች፤ የአማን እናቶች ጆሮ በምን ድምፅ እንደሚሸነፍ አሳየቻት። የቀረውን እኔ ያዝኩት። በኢንሻላህና በጥያቄው መካከል ምን ያህል ትንፋሽ መኖር እንዳለበት ደጋግሜ አስጠናኋት፤ ከቸኮለች ድፍረት ነው፣ ከዘገየች ማዳም ሄዳለች። በቀሩት ቀናት ሳህን ስናጥብም፣ ከጥዱ ሥር ሚሽሚሽ የሚሉትን ፍሬ ስንበላም፣ አንዷ ድንገት ዞር ብላ «ኢንሻላህ፣ እናያለን» ትላታለች፤ እሷም አፏ እንደሞላ ትመልሳለች። ከዚያ ሳምንት ዛሬ አጥርቼ የማስታውሰው የሕግ አንቀጽ የለም፤ ከዛፎቹ ሥር የሚመጣው ያ ሳቅ ግን አብሮኝ አለ።

በመጨረሻው ቀን ማዳም ሐጃን ከሳልት ይዛ፣ በመንገዷ ልጅቷን ልትወስድ መጣች። ልጆቹ ከኋላ፣ ሐጃ ከፊት ወንበር፣ ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይዘው። ማዳም ወርዳ ሳመችኝ፤ የዘምዘም ውሃና ተምር ሰጠችኝ። ጥሩ ሴት ናት፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። ልጅቷ ቦርሳዋን ከኋላ አስገባች። የመኪናው በር እጀታ ላይ እጇን አሳርፋ ቆመች፤ አትጠይቅም ብዬ ቆርጬ ነበር። ከዚያ መሬት መሬት እያየች ጠየቀች።

«ኢንሻላህ ሃቢብቲ፣ እናያለን» አለች ማዳም፣ ልክ እንደተባለው። «ግቢ፣ ልጆቹ ርቧቸዋል።»

«ሃዲር» አለች ልጅቷ።

በፎቁ መስኮት ላይ ሱዳናዊቷ ፊቷን በእጇ ስትሸፍን አየኋት። ልጅቷ ግን አልገባችም። እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ነው።

«ኢንሻላህ» አለች። ትንፋሹ ካስጠናኋት ረዘመ። «በየትኛው ጁምዓ ማማ? ሥራዬን በዋዜማው ልጨርስ ብዬ ነው።»

ማዳም የምታየውን ስልክ አወረደች።  ይህን ጊዜ ጆሯቸው ደከም ያለው ሐጃ ምን እንደሚባል ጠየቁ። ማዳም ምንም አይደለም አለቻቸው። ሐጃ «ምን?» አሉ። ሦስተኛ ሲጠይቁ ማዳም ወደ መኪናው ጎንበስ ብላ ጮኸች፦

«ትምህርት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ ነው የምትለው! ጁምዓ ጁምዓ!»

ግቢው ሁሉ ሰማ። በየመስኮቱ ራስ ብቅ አለ። ሐጃ ወደ ልጅቷ ዞረው በደንብ አዩዋት።

«እስካሁን አልሄደችም እንዴ?» አሉ።

ማዳም ፊቷ ቀላ። ታዲያ ከሐጃ ጋር ማን ይቀመጣል አለች፤ ይህን የተናገረችው ለልጅቷ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። ይህ ጥያቄ በልምምዳችን ውስጥ አልነበረም። ልጅቷን እንዳላያት ዓይኔን ወደ ጥዱ አዞርኩ።

«አብረውኝ ይምጡ» ስትል ሰማኋት። «የማዕከሉ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም።»

ማዳም አየችኝ። ደረጃ እንደሌለው አረጋገጥኩላት፤ በዚያ ሁሉ መሐል እኔ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። እስቲ የሚመጣውን ጁምዓ እንሞክር አለች።

ሐጃ እውነትም መጡ። ማዳም ከበር አውርዳቸው ገበያዋ ሄደች፤ እሳቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው በሒሳቡ ሰዓት አንቀላፉ፣ በንባቡ ሰዓት ነቁ፤ ሱዳናዊቷን አግብተሽ ታውቂያለሽ ብለው በትምህርቱ መሐል ጠየቋት። በሳምንቱም መጡ። በሦስተኛው ጁምዓ ጉልበታቸው አስተኝቷቸዋል የሚል መልእክት ከማዳም ጠዋት ደረሰኝ። ሌላ የተጨመረበት ቃል አልነበረም።

አሁን ሱዳናዊቷ ሩቅ አገር፣ በረዶ ያለበት ሄዳለች፤ ዮርዳኖሳዊቷ ሕግ ታጠናለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በስልካችን የከፈትነው የካምፑ ቡድን ከዒድ ዒድ ካልሆነ ድምፁ አይሰማም። ያን የሦስተኛውን ጁምዓ ጠዋት ግን የክፍላችን ልጆች ሁሉ ነበሩ። ሁሉም እንዳላየ ሆኖ በሩን ያይ ነበር። መምህሩ ሰሌዳውን ግማሽ ድረስ ሞልቶታል፤ ከእንግዲህ አትመጣም ብዬ ቦርሳዬን ካጠገቤ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ላስቀምጥ አነሳሁት።

በሩ ተከፈተ። ብቻዋን ናት። ከታክሲ መውረጃው ድረስ ሮጣ ነው መሰል ሒጃቧ ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ቦርሳውን መልሼ መሬት ላይ አደረግኩት፤ ተቀመጠች፤ ትንፋሿ ሳይመለስ ወደ ደብተሬ አዘነበለች።

«ሐጃ ጋ ማዳም ቀረች። እታለም፣ የት ደረሳችሁ?»

ጣቴን መስመሩ ላይ አሳረፍኩላት።