ከላሟ ታፋ የወጣው እብጠት

ገንዳ ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ በእንስሳት ላቦራቶሪ ስሠራ፣ ሰሊጥ የሚያመርቱ አንዲት አሮጊት ላማቸውን እየነዱ መጡ። ታፋዋ ላይ ያበጠውን ሐኪሙ ቀዶ አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። በጣቴ ስጫነው ከሥጋ ይጠነክራል፣ ከአጥንት ይለሰልሳል፤ የጆሮን ልም አጥንት ይመስላል። ታፋ ሥጋ ውስጥ ልም አጥንት ምን ይሠራል?

"ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ።

"እኔም አላወቅሁትም እማማ። በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።"

"እንግዲያው ሲታይ እኔም ልይ።"

ቁራጩን እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ አቆየሁት፤ ቀጥሎ በውስጡ ያለውን ውሃ በአልኮል አስወጥቼ፣ ሰም አቅልጬ ውስጡ ቀበርኩት። ሰሙ ሲረጋ ደግፎ ስለሚይዘው በስሱ ለመቁረጥ ይመቻል። ትምህርቱን የተማርኩት ግን ጎንደር፣ በብርዱ አገር ነው። እዚህ በሚያዝያ ሙቀት ሰሙ በጥፍር ይጎደጉዳል።

በገበያ ቀን አሮጊቷ ሲመለሱ መቁረጥ ጀምሬ ነበር። ምላጩ ጠንካራውን ቁራጭ ከለስላሳው ሰም እየነቀለ ያወጣዋል።

"በዚህ አገር እንኳን ሰም ቅቤም አይረጋ" አሉ እየሳቁ።

መንገዱን ተሻግሬ ለስላሳ ከምትሸጠዋ ሴት በረዶ ለመንኩ። ሰሙን በረዶው ላይ ሳስቀምጠው ጠጠረ። ምላጩ አሁን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ አወጣ። መስታወት ላይ አንጥፌ ቀለም ነከርኩትና ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጌ አሮጊቷን ጠራኋቸው።

"ጥቁር ሣር ነው የማየው።"

"የዓይንዎ ሽፋሽፍት ነው፤ ትንሽ ራቅ ይበሉ።"

ራቅ ብለው እንደገና አዩ። ከዚያ፣ "ጎጆ ጎጆ ነው! በየጎጆው አንዳንድ ሰው ተቀምጧል። እዚህኛው ውስጥስ ሁለት ናቸው።"

ሳየው እውነታቸውን ነው። የልም አጥንት ሕዋሶች እንዲያ በየጉድጓዳቸው ነው የሚቀመጡት።

መስታወቱን ጎንደር ላለው መምህሬ ላክሁት። ክፉ እንዳልሆነ፣ ልም አጥንት መሰል እድገት መሆኑን በስልክ ነገረኝ። እዚያ ቦታ ለምን እንደበቀለ ግን እሱም አላወቀም።

አሮጊቷ የላሟ ቁስል መዳኑን ሊነግሩኝ ሲመጡ ይህንኑ አጫወትኳቸው።

"መምህርሽም አያውቅም?" አሉ ዓይናቸው በርቶ። "ሌላስ የሚታይ ምን አለሽ?"

"የፍየል ሳንባ አለ።"

ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።