ከአስር ስንት?

ባለፈው ክረምት ከዚራ ሰፈር ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ቅልጥሜ ተሰበረ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ጡንቻዬ አብጦ ውስጡ ግፊት እንደያዘ ለእኔና ለእናቴ ነገረን። "ከበረታ እግሩን ሊያሳጣው ይችላል" አለና፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና መኖሩን አስረዳን። ቀጭን ቱቦ ባቴ ውስጥ ገብቶ ፈሳሹን ይመጥጣል። እኔም እሺ አልኩ፤ እናቴም ፈረመችና ወደ ፋብሪካ ፈረቃዋ ሄደች።

የእኔ ሥራ ሕመሙ ሲጨምር መናገር ብቻ ነበር።

ነርሷ በየሰዓቱ ትመጣለች። "ሕመሙ ከአስር ስንት ነው?"

"ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ሁለት።"

እኛ ቤት ለጠያቂ "አመመኝ" ተብሎ አይመለስም። ደግሞ ሌላው አልጋ ሁሉ በዘመድ ተከቧል፤ እኔ ዘንድ የምትመጣው ነርሷ ብቻ ስለሆነች ላስቸግራት ፈራሁ። አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ እንኳ ከጠያቂዎቻቸው ጋር ሶማልኛ ሲያወሩ ቆይተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ እግሬ ሊፈነዳ ደረሰ። ነርሷ መጣች።

"ሁለት" አልኩ።

"አቦ ውሸቱን ነው!" ሽማግሌው በአማርኛ ጮኹ። "አንቺ ስትሄጂ ትራሱን ነክሶ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ!"

ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ቱቦው ከእግሬ ሥር ታጥፎ ኖሯል። ሲያቃናው ሕመሙ ቀስ እያለ ለቀቀኝ።

"ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ..." አለ፣ ቱቦውን እንደገና እየፈተሸ።

ነርሷ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አባባ፣ ምኑ ነዎት?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

"ጎረቤቱ ነኝ።"