ጋቢ የለበሰ አኳሪየም

ከተጋባን ገና ብዙም አልቆየን፤ ባለቤቴ አንድ ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና «እዚህ አገር አረንጓዴ ነገር ታክሲው ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እሷ ያደገችው ድሬዳዋ፣ ማንጎና ዘይቱን ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ግን አያቴ በባቡሩ ዘመን መጥቶ እዚሁ የቀረ የጅቡቲ ልጅ ነኝ፤ አረንጓዴ እንደሚናፈቅ እንኳ አላውቅም ነበር። ቤታችን ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ከመስኮቷ የሚታየው አቧራና የሰው ልብስ የተሰጣበት ገመድ ነው።

የምሠራው ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ነው። በዚያው ሰሞን ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት ፈረንሳዊት ደንበኛችን ዕቃዋን ወደ አገሯ ስታስጭን አንድ የማይጫን ነገር ቀራት፤ ከነዓሣውና ከነተክሉ አንድ ትልቅ አኳሪየም። የሚወስደው ሰው ታገኙልኝ እንደሆነ ብላ ጠየቀችን። ሳላስበው እጄን አወጣሁ።

መስታወቱን ባዶውን በታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ደገፍነው። ባለቤቴ ዓሦቹን በድስት ይዛ ከፊት ተቀመጠች፤ ተክሎቹ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው እግሯ ሥር ናቸው። ሾፌሩ ድስቱን አየት አድርጎ በሶማሊኛ ምሳችሁ ነው ወይ አለኝ። ስተረጉምላት ድስቱን በሁለት እጇ ከደነችው። ሾፌሩ ሲስቅ እኛም ሳቅን፤ ቤት እስክንደርስ ሳቃችን አልቆመም።

ኤሲ ያለው መኝታ ቤት ብቻ ስለሆነ እዚያ አስገባነው። ውሃ ሞልተን፣ ተክሎቹን ተክለን መብራቱን ስናበራው ጫካ ውስጥ የገባን መሰለን። ዓሦቹ ትንንሽ፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያለባቸው ናቸው፤ በቅጠሎቹ መካከል ሲመላለሱ እያየን አልጋው ላይ በደረታችን ተኝተን ራት እንበላ ነበር። መብራቱን ማጥፋት አሳዘነን። ጠዋት ገና ስንነሳ ይበራል፤ እንቅልፍ እስኪጥለን ድረስ አይጠፋም።

ጥቂት እንደቆየ መስታወቱ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታየ። ቀጥሎ ቅጠሎቹ ፀጉር የመሰለ ነገር አበቀሉ። ብንጠርገው ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሆነና ዓሦቹን ዋጣቸው፤ አንዳንዴ አንዲት አፍ ብቻ መስታወቱ አጠገብ ብቅ ብላ ትጠፋለች። ባለቤቴ ፊት ለፊቱ ቆማ «አረንጓዴ አማረኝ ብዬህ አልነበር? ይኸው» አለችና መሳቅ ጀመረች። ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች።

ፈረንሳዊቷ የተክል ማዳበሪያ በጠርሙስ ትታልን ነበር። እኔ ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬ እንዳይነካ ከለከልኩ። በየቀኑ በእጄ የሚያልፈው ወደ ኢትዮጵያ የሚጫን የማዳበሪያ ሰነድ ነው፤ ማዳበሪያ ያበቅላል፣ እኛ ቤት ደግሞ የሚበቅለው ነገር በዝቷል። ክርክሬ ይኸው ነበር። እሷ ግን አልተዋጠላትም።

«ለአገር ሙሉ ማዳበሪያ ስታሳልፍ ትውላለህ፣ ለእኔ አምስት ቅጠል ጠብታ ትነፍጋለህ?» አለችኝ።

ከእኛ በታች የምትኖር በሊሴ፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የባዮሎጂ መምህርት የሆነች ሴት አለች፤ የጅቡቲ ተወላጅ ናት፣ ባለቤቴንም ፈረንሳይኛ ታስተምራት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርቱ በኋላ ባለቤቴ እጇን ይዛ ወደ ላይ አመጣቻት። መምህርቷ ውሃውን አጎንብሳ አየች፣ ቢጫ የሆነና የተበሳሳ ቅጠል አውጥታ ለብርሃን ያዘችው፣ ከዚያ መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠየቀች። እኔና ባለቤቴ ተያየን። መልሱን ለመናገር ሁለታችንም አፈርን።

«ተክሎቹን አስርባችሁ ይህን አረንጓዴ አልጌ በብርሃን ትቀልባላችሁ» አለች። «ተክል አንድ ምግብ ሲጎድለው ሌላውንም መብላት ይተዋል። ማዕዱን የሚወርሰው ያ አረንጓዴ ነው።»

ከዚያ የሚደረገውን ነገረችን። መጀመሪያ ግማሹን ውሃ ቀይረን፣ መብራቱን አጥፍተን፣ ገንዳውን ብርሃን እንዳይገባው ለጥቂት ቀናት መሸፈን፤ ዓሦቹ እንዳይታፈኑ የአየር ፓምፑን ግን አለማጥፋት። ከዚያ በኋላ መብራቱን አሳጥሮ፣ ውሃውን በየሳምንቱ እየቀየሩ፣ ማዳበሪያውን በልክ መስጠት። የከተማው ውሃ ጨው ስለሚበዛው በጀሪካን ከሚሸጠው የተጣራ ውሃ እንድንቀላቅልበትም መከረችን።

መሸፈኛ ስንፈልግ የባለቤቴ እናት ለሠርጋችን የሰጡን ጋቢ ትዝ አለን። በጅቡቲ ሙቀት ማን ጋቢ ይለብሳል? ገንዳውን ከላይ እስከ ታች ጠቀለልነው። ሊጠይቁን የመጡ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እናት በበሩ ሲያዩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማን ታሞ ነው አሉ። ዓሦች ናቸው ብንላቸው ይማርላችሁ ብለው ተቀመጡ።

ገልጦ ማየት ክልክል ነው ተባብለን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴን ጭንቅላቷን ጋቢው ውስጥ ከትታ አገኘኋት። ልቆጣት ስል «አንተም ጠዋት እዚሁ ነበርክ፣ ጋቢው የአንተን ሽቶ ይሸታል» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ቀኑ ደርሶ ስንገልጠው ውሃው ጠርቶ ነበር፤ ዓሦቹም ሁሉም አሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ክፍሏ ውስጥ ዘለልን። የተበላሹትን ቅጠሎች ቆረጥን፣ ማዳበሪያውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። መብራቱ ቶሎ ሲጠፋ ቢከፋንም ቻልነው። ቀስ በቀስ አዲስ ቅጠል ወጣ፤ ንጹሕ፣ ጫፉ ቀላ ያለ።

አንድ ቀን ቢሮ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ቶሎ ና፣ ውሃው እየፈላ ነው።»

«ዓሦቹስ?»

«ደስ ያላቸው ይመስለኛል።»

በዚህ ሙቀት ኤሲው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የጀመርኩትን ሰነድ ለባልደረባዬ ትቼ በታክሲ በረርኩ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ እጄን ውሃው ውስጥ ብከት ቀዝቃዛ ነው። ግን ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ትንንሽ አረፋዎች ይወለዳሉ፣ ያብጣሉ፣ ተከታትለው እንደ ዶቃ ወደ ላይ ይወጣሉ። መምህርቷን ጠራናት። እሷም ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አረፋዎቹን አየች። በኋላ ተክሎቹ ኦክስጅን እየሰጡ ነው፣ ጠገቡ ማለት ነው አለችን። ባለቤቴ አቀፈቻትና ሁለቱም ሳቁ። እኔ ያን ቀን ወደ ቢሮ አልተመለስኩም።

ከዚያ በኋላ እድገቱን ማን ያቁመው? ተክሉ ከውሃው በላይ ብቅ ማለት ጀመረ። ባለቤቴ በመቀስ እየከረከመች ቁራጮቹን ለመምህርቷ፣ ለጎረቤት፣ እታች ላለው የየመኒው ሱቅ ሁሉ ታድላለች። የመኒው የደረሰውን ቁራጭ በሻይ ብርጭቆ አድርጎ ሚዛኑ አጠገብ አቁሞታል፤ ደንበኛ ሲጠጋው እጁን ዘርግቶ ይከላከልለታል። አልጌውም ፈጽሞ አልጠፋም፤ በየሳምንቱ መስታወቱ ላይ ትንሽ ይመጣል፣ በአሮጌ ካርድ እንፍቀዋለን። አሁን ሌላ አነስ ያለ ገንዳ ጨምረናል፤ ቦታ ስለጠበበ ቁም ሣጥኑን ወደ ኮሪደር አወጣነው። ልብስ ለመቀየር ኮሪደር ላይ እንቆማለን፤ ባለቤቴ ሦስተኛ ገንዳ የት እንደሚገባ በክንዷ እየለካች ነው።