ድንቹን የረገጠው ፈረስ

የልጅ ልጄ ፈረስ የላትም። እኛ ቤት ፈረስ ከታሰረም ስንት ዘመን አለፈ፤ ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ማን ያስራል። በአባቴ ጊዜ ግን አንድ ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ ፈረስ ነበረን። ቁልቁለት ሲወርድ የፊት እግሩን ያስቀድምና፣ መሬቱን ጠይቆ መልስ እንደሚጠብቅ ሁሉ ቆም ይላል። ልጅ ሆኜ ጀርባው ላይ ስቀመጥ ቆም ሲል ጋማውን ጭብጥ አድርጌ እይዝ ነበር። ወደ ልጅቱ ነገር ልመለስ።

ልጅቱ ቆሰበር ከተማ እኔ ዘንድ እየኖረች ዩኒቨርሲቲ ስትማር ከርማ፣ ለመመረቂያዋ አንድ ፊልም ልትሠራ ተነሣች፤ በኮምፒውተር የሠራችው ፈረስ በእውነተኛ ማሳ ላይ የሚሄድበት። ማሳው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለ የአንድ ዘመዳችን የድንች ማሳ ነው፤ ተዳፋት ላይ ያለ፣ ድንቹ ሥር አፈር ገና የታቀፈ፣ ከፍ ዝቅ የሚል። እኔም መንገድ ሲባል እግሬ እምቢ አይልምና ተከተልኳት።

ባለማሳው ፈቀደልን፤ ከብት የሚባል ግን ዝር እንዳይልበት አጥብቆ ነገራት። ዶሮም አላስገባም ብላ ማለች። ከዳር ከዳር ነጫጭ ወረቀት በእንጨት ተከለች፤ ኋላ ኮምፒውተሩ ከፍታውንና ዝቅታውን እንዲያውቅበት ነው አለችኝ። ባዶውን ማሳ በስልኳ ቀርጻ ተመለስን።

መምህሯ ሥራውን ሲያየው መለሰባት። ፈረሱ ያምራል፣ መሬት ግን አልረገጠም፤ ይህ ካልተስተካከለ ከጓደኞችሽ ጋር አትመረቂም አላት። እኔም አየሁት፤ እውነቱን ነው። ደልዳላ አውድማ ላይ እንዳለ ነው የሚሄደው። አንዱ ኮቴ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ አንዱ አፈር ውስጥ ይሰምጣል። ልጅቱ ምሳዋን ሳትበላ ተኛች። ጋቢዬን ደረብኩላት።

በማግስቱ ተነሥታ የሠራችውን ነው እንግዲህ ማውራት የምፈልገው። የማሳው ምስል ላይ መረብ የመሰለ ነገር ዘረጋች፤ ክሩ ትልሙን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ከድንች ማሳ ዓሣ ልታወጪ ነው ወይ ብላት ሳቀች።

«እምዬ፣ ይኼ የማይታየው መሬት ነው» አለችኝ። «ሰው ያኛውን ያያል፤ ፈረሱ የሚረግጠው ይኼን ነው።»

ይህን ነገር እስከ ዛሬ አላምጬ አልጨረስኩትም። ከዚያ ኮቴውን አንድ በአንድ እየያዘች መሬት ታስነካው ጀመር። ትልሙ ላይ ሲወጣ ጉልበቱን ታጥፋለች፣ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ትከሻውን ዝቅ ታደርጋለች። እግሩ ድንቹ መሀል ያለ እንዲመስል ቅጠሉን ከኮቴው ፊት አመጣችው። ጥላው ነበር የባሰው፤ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ አስቸገራት፣ በየትልሙ ላይ ሰበረችው። መብራት ሲሄድ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፤ ሲመጣ ካቆመችበት ኮቴ ትቀጥላለች። ጥጥ ስፈትል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን አላየሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት ጠርታ አሳየችኝ። ፈረሱ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ደረሰ፣ የፊት እግሩን አስቀደመ፣ ቆም አለ። ጋማ ልይዝ እጄን ሰደድኩ። ስለ አባቴ ቦራ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለምን ቆመ ብላት፣ እዚህ ጋ መሬቱ ድንገት ስለሚወርድ አለችኝ። ለካስ መሬቱ ነው የነገራት።

ሥራው የሚታይበት ቀን ባለማሳውም ተጠርቶ መጣ። ፈረሱ ድንቹን አቋርጦ ወርዶ ሲያበቃ አዳራሹ አጨበጨበ። እሱ አላጨበጨበም፤ ተነሥቶ ቆመ።

«ልጄ፣ ከብት አታስገቢ ብዬሽ አልነበረም? የማን ፈረስ ነው ድንቼን እንዲህ የረገጠው?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ የሳቀው መምህሯ ነው። ዓይኑን ጠራርጎ፣ ባለማሳው ከፈረደ እኔ ምን እጨምራለሁ፣ ተመርቀሻል አላት። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ከመድረኩ ወርዳ የሰውየውን ጉልበት ሳመች፤ ፈረስ የሚባል እንዳልነበረም ማለች። እሱ ምኑን አምኖ።

ስንመለስ ባለማሳው የተሳፈርንበትን ባጃጅ ማሳው ዘንድ አስቆመ። ጎንበስ ብሎ ትልም ለትልም እየሄደ የኮቴ ዱካ ፈለገ። አንድም የለ። ልጅቱ መንገዱ ዳር ሆና ታየዋለች፤ ጥርሷ ያን ጊዜ ነው የታየው።

እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ወርጄ አብሬው ፈለግሁ።