ከእህቴ ጋር ወደ አላስካ

እህቴ ጡረታ ስትወጣ ዳላስ ያለው ልጇ የአላስካ የመርከብ ጉዞ ቡክ አደረገላት። ትኬቱ ለሁለት ሰው ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ለእኔ ደወለች።

«ሚጣ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ብቻዬን ባሕር ላይ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ።

ልጆች የዳርኩ ሴት ነኝ፤ አሁንም ሚጣ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። እናታችን ስትሞት ገና ትንሽ ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሺ አልኳት።

እህቴ ሲያትል ከመጣች ጀምሮ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ስትገፋ ነው የኖረችው። መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን ደጅ ላይ ተቀብላ፣ ፍተሻውን አሳልፋ፣ ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ወስዳ አውሮፕላናቸው በር ላይ ታደርሳቸዋለች። ያንን ሁሉ በርና መተላለፊያ እንደ ጓዳዋ ነበር የምታውቀው። አንዳንዴ እቤቷ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ እንኳ ከላያችን የሚያልፈውን አውሮፕላን ድምፅ ሰምታ ወዴት እንደሚሄድ ትነግረኝ ነበር።

የተነሳንበት ቀን ከተማው ጨፍግጎ ያካፋ ነበር። ባሌ ከቤታችን ከፌደራል ዌይ ይዞኝ ወጣና እህቴ የምትኖርበት ቡሪየን ገብተን አነሳናት። ወደቡ አጠገብ መኪና ለሳምንት ፓርክ ማድረግ ዋጋው አይቀመስም፤ የሚያደርሰው ሰው ያለው መኪናውን እቤቱ ቢተው ይሻለዋል። ወደቡ ላይ ትልልቆቹን ሻንጣዎች ተሸካሚዎች ተቀበሉን። ሻንጣዎቹ ካቢናችን በር ላይ የሚደርሱት አመሻሹ ላይ እንደሆነ ያወቅነው ከገባን በኋላ ነው። እህቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ ቦርሳዋን ከፈተች። የለም።

«እዚሁ ነው ያደረግሁት» አለች። ዕቃዋን አልጋው ላይ ዘርግፈን ፈለግን። የለም።

«ሻንጣው ውስጥ ይሆናል፣ እትዬ። ማታ ይመጣል።»

«ሻንጣ ውስጥማ አላደርግም።»

መድኃኒቱ የተገኘው ሻንጣው ውስጥ፣ ካልሲዎቿ መሃል ነው። መድኃኒትና ፓስፖርት፣ አንድ ወፍራም ሹራብም ጭምር፣ ከእጅ ቦርሳ መለየት የለባቸውም። ይህን እሷን የሚያስተምራት ሰው አያስፈልግም ነበር። ለመንገደኛ ሁሉ «መድኃኒትዎን ከእጅዎ እንዳይለዩ» ስትል የኖረች ሴት ናት። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ልጇ የያዘልን ካቢን መስኮት የሌለው ነበር። እንዲህ ያለው ካቢን ዋጋው ቀለል ይላል። የእኛ ደግሞ ከመርከቡ መሃል፣ ከታችኞቹ ፎቆች በአንዱ ላይ ስለነበር ብዙም አያናውጥም፤ ባሕር ለሚያቅለሸልሸው ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ይመከራል። እኔም ዝንጅብል ይዤ ስለነበር ለሁለታችንም በቃን። መብራቱ ሲጠፋ ግን ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው። እህቴ ከእንቅልፏ በነቃች ቁጥር «መሸ ወይስ ነጋ?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ከሽማግሌ ወይም ከአሮጊት ጋር የሚሄድ ሰው ሲያማክረኝ ከሌላው ነገር ቀንሶ መስኮት ያለው ክፍል እንዲወስድ እነግረዋለሁ።

ኮሪደሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ግራውም ቀኙም አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት ምንጣፍ፣ አንድ ዓይነት መብራት ነው። እኔም ራሴ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ የሰው በር ሞክሬያለሁ። ስለዚህ እህቴ ክንዴን ይዛ ከኋላዬ ስትከተል አልገረመኝም።

ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ እንቁላል አዘዘች። መርከቡ ላይ ጾመኛ መሆን አያስቸግርም፤ ገና መጀመሪያ ራት ላይ ለአስተናጋጁ «ቪጋን ነኝ፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልበላም» ብለው ከነገሩት የሚሆን ነገር ያዘጋጃል። እኛም ነግረነዋል። እሷ ግን ከራሷ ተነስታ እንቁላል አለችው፤ መጣላት፤ በላች። እኔ ፍራፍሬ ላመጣ ሄጄ ስመለስ ግማሹ አልቋል።

«እትዬ፣ ረቡዕ እኮ ነው።»

«ረቡዕማ ትናንት ነበር።»

«ትናንት ማክሰኞ ነው።»

ሹካውን አስቀመጠች። መርከብ ላይ ቀን ይጠፋል፤ ለዚህም ይመስለኛል በየሊፍቱ ወለል ላይ የዕለቱ ስም የተጻፈበት ምንጣፍ አንጥፈው በየቀኑ የሚቀይሩት። ስንወርድ ሊፍቱ ውስጥ ምንጣፉን ቁልቁል አየችው። ረቡዕ ይላል። «ኪዳነ ምሕረት ይቅር ትበለኝ» አለች፤ እስኪመሽ ድረስ ምንም አልቀመሰችም። እህቴ ታማ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ረቡዕን ያልሻረች ሰው ናት። 

መርከቡ ሁሉም ሊያየው የሚመጣው የበረዶ ግግር አጠገብ በደረሰበት ቀን ከምሳ በኋላ ደክሟት ተኛች። ላይኛው ፎቅ ላይ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ካፖርቱን ደራርቦ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የብረቱን አጥር ይዞ ቆሟል። ጉም ሁሉን ሸፍኖታል። ከውሃው ላይ ጥቃቅን የበረዶ ስብርባሪ እየተንሳፈፈ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ብቻ ነው። ጥቂት ቆሜ ሻይ ይዤላት ወረድኩ።

አልጋው ባዶ ነው። የካቢኑ በር መክፈቻ ካርዷ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መታጠቢያ ቤቱን አየሁ። ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት። የምግብ አዳራሹን፣ ደረጃዎቹን፣ ሙዚቃ የሚጫወትበትን ቦታ ዞርኩ። መርከቡ ዙሪያውን ባሕር ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ እሱን በአፌ መጥራት አልፈለግሁም። እንግዳ መቀበያው ጋ ሄጄ ስለ እህቴ ነገርኳቸው፤ ምን እንደለበሰች ጠየቁኝ። ነጠላ፣ ግራጫ ሹራብ፣ ጥቁር ጫማ። ሠራተኛዋ ስልክ አንስታ ማነጋገር ጀመረች።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አየኋት። ከሱቆቹ በኩል ዊልቸር እየገፋች መጣች። ዊልቸሩ ላይ የማላውቃቸው ነጭ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ተነጥፏል። እህቴ ቀጥ ብላ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ሰው በተጠጋ ቁጥር «ይቅርታ» እያለች መንገድ ታስለቅቃለች። በየመሃሉ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ ትልና በእንግሊዝኛ «አይዞዎት፣ ይደርሳሉ። በረራዎ በሰዓቱ ነው» ትላቸዋለች። ከኋላ ሚስትየው ቦርሳቸውን ታቅፈው በፍጥነት ይከተላሉ።

ስታየኝ ቆመች። «ሚጣ፣ አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? የኚህ ሰውዬ በር ተቀይሮባቸዋል። ባቡሩን ፈልጌ አጣሁት» አለችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። ከመሳፈራችን ጀምሮ እንዲያ ተረጋግታ አላየኋትም።

ሚስትየው ወደ እኔ ጠጋ ብለው በዝግታ «ባለቤቴ ደስ ብሎታል። ወዴት እንደምትወስደው ግን አላወቅሁም» አሉኝ።

«እትዬ፣ መርከብ ላይ ነን» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ምንጣፉን፣ ጣሪያውን፣ ዊልቸሩን አየች። እጆቿ አንድ በአንድ ከመያዣው ላይ ወረዱ። ነጠላዋን አስተካከለችና ሽማግሌውን «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» አለቻቸው። ሽማግሌው እጇን ይዘው «እንዲህ አሳምሮ የገፋኝ ሰው የለም» አሏት። አመሰገነቻቸው። ክንዷን ይዤ በሊፍት ወጣን።

ላይኛው ፎቅ ላይ ንፋስ የማያገኘው አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ጉሙ እንዳለ ነው። ነጠላዋን ሰብስባ «ጡረታ የወጣሁት ደክሞኝ አይደለም» አለች።

«እና ምን ሆነሽ ነው?»

«አንዲት አሮጊት ነበሩ። የወንድማቸው ቀብር ላይ ሊደርሱ። ሌላ በር ላይ አስቀምጬያቸው ሄድኩ። እዚያው ተቀምጠው ጠበቁ፤ አውሮፕላኑ በሌላ በኩል ሄደ። አለቃዬ ማንም ይሳሳታል አለኝ። እኔ ግን መሳሳት እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ከዚያ በፊትም ነበር። ቆሜ፣ ሰውዬው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ የት እንደምወስደው ይጠፋኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከተናገርኩት እውነት ይሆናል ብዬ ነዋ።» ቀጥላ «ለልጄ እንዳትነግሪው» አለች።

 ወንበሩ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጎተት አደረግሁላት። ሰዎች በረዶው ለአፍታ ታየ ብለው ወደ አንድ ወገን ሮጡ፤ እኛ አልተነሳንም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉዞ ባወቅሁት ዘዴ ነው የጨረስነው። በራችን እጀታ ላይ ቀይ ሻሽ አሰርኩበት። ካርዷን በማሰሪያ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩላት። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ሳላጠፋ ማደር ጀመርኩ። ክፍላችንን ለሚያጸዳው ሰው ነገርኩት፤ እሱም ብቻዋን ስትወጣ ካየ ስሟን ጠርቶ ያነጋግራት ነበር። የብስ ስንወርድም መርከቡ ራሱ ካዘጋጀው አውቶቡስ ውጪ አልተሳፈርንም፤ በግሉ ሄዶ የዘገየን ሰው መርከቡ አይጠብቅም፤ የራሱን አውቶቡስ ግን ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን ደህና ነበረች፤ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ሲዘል እያየች ስቃለች። አንዳንድ ቀን ከአልጋ መውጣት አልፈለገችም።

ሲያትል ስንመለስ ዝናብ ነበር። ሻንጣችንን ራሳችን ይዘን ስለወረድን ወረፋው ቀለለን። ባሌን ስንጠብቅ የእህቴ ስልክ ጮኸ፤ ልጇ ነው። ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

«እንዴት ነበር፣ ማሚ? ተዝናናሽ?»

«ጥሩ ነበር፣ ልጄ። መርከቡ ትልቅ ነው» አለችው።  እኔን አየችኝና ስልኩን ዘረጋችልኝ። «እሷ ትንገርህ» አለች።

ነገርኩት። ሳልደብቅ፣ ሳላለሳልስ፤ እሷ አጠገቤ ቆማ እየሰማች። «ኦኬ» አለ። ደጋግሞ «ኦኬ፣ ኦኬ» አለና ሲያለቅስ ሰማሁት።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ እንደሆነ ነገረን። የቡሪየኑን አፓርታማ ለቅቃ እኛ ጋ ፌደራል ዌይ ገባች። ያዘዘላት መድኃኒት ነገሩን ያዘገየው ይመስላል፤ አላቆመውም። ልጇ በተቻለው ጊዜ ሁሉ ይመጣል፤ አጠገቧ ተቀምጦ ፀጉሯን ሲያበጥርላት ዓይኖቿን ትጨፍናለች።

በቅርቡ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማኅበራችን ሴት እናቷን አላስካ ልትወስድ አስባ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ አጠገባችን መጥታ ተቀመጠች። ስለ ካቢኑ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ጾሙ የማውቀውን እየነገርኳት ሳለ እህቴ ዳቦዋን አስቀመጠችና «ወዴት ነው የምትሄዱት?» አለች።

«አላስካ፣ በመርከብ» አለቻት ሴትየዋ።

«ደስ ይላል አሉ» አለች እህቴ። «እኔስ አንድ ቀን ባየው እወድ ነበር።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ለእህቴ ሻይዋን አቀረብኩላት። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ካፖርት በብዛት ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ስስ ስሱን መደራረብ ይሻላል አልኳት።