«ደራሽ» ያልኩበት ቀን

ጎሊና ድሮ ከማሳችን ራቅ ብሎ ነበር የሚፈሰው። ከላይ ተራራው ሲራቆት፣ ከታች አሸዋው በመኪና ሲጫን፣ ዳሩን እየበላ መጥቶ ማሽላችን ሥር ደረሰ።

ባለቤቴ ወንዙ ይድናል ብሎ ያምን ነበር። ተራራው ከከብት ከተከለለ፣ ዳሩ በድንጋይና በሽቦ ከታሰረ፣ ሣር ከተተከለበት ወደ ቦታው ይመለሳል ይል ነበር። ጎረቤቱን አሳምኖ ሥራውን አስጀመረ።

በዚያን ቀን ድንጋይ የሚደረድር ሰው አንሶ፣ እርዳታ እንዲመጣ ወደ ሮቢት መልእክት ተልኮ ነበር። ወንዙ ውስጥ ያሉት «ደራሽ የት ቀረ?» ሲባባሉ ዋሉ። እኔ ምሳ ይዤ ዳሩ ላይ ቆሜያለሁ። እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ የዘነበው ተራራው ላይ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁ፤ ቀጥሎ ጭቃማውን ውሃ አየሁ። በእኛ አገር ድንገት የሚወርደውን ጎርፍ ደራሽ እንለዋለን። ለእርዳታ የሚመጣውንም ሰው እንዲሁ።

«ደራሽ መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ባሌ ከወንዙ ውስጥ ቀና ብሎ ሳቀ። «እሰይ! ምሳው ይበቃቸዋል?» አለኝ።

«ውጣ» ማለት ነበረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ሬሳውን ወንዙ ወደ አፋር በሚወርድበት አገኙት።

ሥራው ቆሞ ከርሞ ዘንድሮ ቀጠለ። የውሃ አባታችን፣ ጎርፉን ለየማሳው የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ቤቴ መጡ።

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ። የሁሉም ዳር ታስሯል። ያንቺ ብቻ ክፍት ነው። በዚያ ከሰበረ የሁላችንም ልፋት ከንቱ ነው። ድንጋይ የምንደረድርበትን የማሳሽን ዳር ልቀቂልን።»

ወንዙ በልቶት የቀረኝ ማሳ እሱ ብቻ ነው።

«ባሌን ወስዷል፤ እንጀራዬንም ልመርቅለት?» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው፤ የጮህኩትን ቃል።

«ሰምቼሻለሁ እኮ» አሉ። «እኔም ሰዎቹን ልቀበል ብዬ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ቆምኩ።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። እኔ ግን አልቀለለኝም።

ዳሩን ለቀቅሁ። ወንዙን ይቅር ብዬው አይደለም። ከማሳዬ በታች ያሉት ሴቶች ባሎች አሁንም ወንዙ ውስጥ ገብተው ድንጋይ ስለሚደረድሩ ነው።

ማሳዬ ዳር ከተተከለው ሣር ግማሹ ሳይጸድቅ ቀረ። በደረቀው ቦታ ሌላ ተከልን።